«ዞምቢ»፦ ለስላሳው ባንድ የጮኸበት ዘፈን

እ.ኤ.አ. በማርች 1993 ሰሜን አየርላንድን ከብሪታንያ ለማላቀቅ ይዋጋ የነበረው ታጣቂ ቡድን አይ.አር.ኤ. በእንግሊዟ ዋሪንግተን የገበያ መንገድ፣ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ያጠመዳቸው ቦምቦች ፈነዱ። ሁለት ልጆች ሞቱ፤ አንዱ የ3፣ ሌላው የ12 ዓመት።

የአየርላንዷ ሊመሪክ ድምፃዊት ዶሎሬስ ኦሪዮርዳን አንጀቷ አረረ። «ዞምቢ»ን ጻፈች።

ባንዷ ክራንቤሪስ እስከዚያ የሚታወቀው እንደ «ሊንገር» ባሉ ለስለስ ያሉ የፍቅር ዜማዎች ነበር። በ1994 የወጣው «ዞምቢ» ግን በሚያጓራ ጊታርና በከባድ ከበሮ የታጀበ ነው፤ ዶሎሬስም አዝማቹ ላይ ድምጿን እየሰበረች ትጮኻለች። በቪዲዮው እሷ ወርቃማ ቀለም ተቀብታ ስትዘፍን፣ በመሃል የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ሕፃናትና መንገድ የሚቃኙ የእንግሊዝ ወታደሮች ይታያሉ።

ዶሎሬስ በ2018፣ በ46 ዓመቷ አረፈች። በ2023ቱ የራግቢ የዓለም ዋንጫ አየርላንድ ደቡብ አፍሪካን ስትረታ፣ ደጋፊዎቿ የፓሪሱን ስታዲየም ያናወጡት በዚሁ ዘፈን ነበር።

አድማጮች፣ ዘፈኑ ይኸውላችሁ።