ዘይቱ ከየት ይመጣል?

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ መኪና ባደረበት ቦታ ጧት መሬት ላይ ስለሚገኝ የዘይት ጠብታ ነው። ይሁን እንጂ ምንጩን ሳያውቁ ቁልፍ ማንሣት የሰው እንጀራ እንደሚያጐድል በገዛ እጄ ስላየሁት ልነግራችሁ ወደድሁ።

ሥራ በጀመርሁበት ጋራዥ አንድ የላዳ ታክሲ ባለቤት መጣ። ላዳ፣ እንደምታውቁት፣ ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት፤ ስለዚህም ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ የምንላቸው የጣልያን ስሞች ከማንኛዋም ይልቅ ለእርሷ ይስማማሉ። ዘይቱ የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ነበር። እኛም ሳንመረምር «የኋላው ፓራውሊ ነው» ብለን ፈረድን። ፓራውሊውን ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው መፈታት አለባቸው። ሰውዬው ሁለት ቀን ያለ ሥራ ዋለ፤ የዕቃውንም የእጁንም ዋጋ ከፈለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ጠብታው በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ነበር።

በጋራዡ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። ኮፈኑን አስከፍተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «አስቀድማችሁ ፊቷን እጠቡላት» አሉን። ማቀጣጠያውን በላስቲክ ሸፍነን የበረደውን ሞተር በናፍጣ አጠብን፤ እስኪደርቅም ጠበቅን። ከዚያ እርሳቸው የሕፃናት ፓውደር ነሰነሱበት፤ ሞተሩም 20 ደቂቃ ያህል ሠራ። በባትሪና በእጅ መስታወት ስንፈልግ፣ ነጩ ዱቄት በመጀመሪያ የጠቈረው ከሥር ሳይሆን ከላይ፣ በቴስታታው ክዳን የኋላ ማዕዘን ላይ ሆኖ ተገኘ። ዘይቱ ከዚያ ተነሥቶ በሞተሩ ጀርባ እየተንሸራተተ ወርዶ፣ በካምቢዮው አንገት ዞሮ ከሥር ይንጠባጠብ ነበር።

ዘይት በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ፈላጊው የሚሄደው በተቃራኒው፣ ወደ ላይና ወደ ፊት ነው። ከዓመታት አቧራ ጋር የተለወሰ አሮጌ ዘይት ግን ሁሉንም ስፍራ እርጥብ አስመስሎ ስለሚያሳይ፣ ሳይታጠብ የሚደረግ ፍለጋ ግምት ነው። (በዚያ ስፍራ የካምቢዮ ዘይትም ሊወጣ ይችላል፤ እርሱ ድኝ ድኝ ስለሚሸት በአፍንጫ ይለያል።)

የክዳኑን የቡሽ ጓርኒሲዮን ስናወጣ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ አዲሱን ላጠብቅ ስል አዛውንቱ ከለከሉኝ። ከሞተሩ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደውን የመተንፈሻ ጎማ ፈቱ፤ በውስጡ ያለው፣ እሳት ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ የሚከለክለው የሽቦ መረብ በጥላሸት ተደፍኖ ነበር። በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ በዚያ መውጣት ሲያቅተው፣ በሞተሩ ውስጥ ግፊት እየፈጠረ ዘይቱን በደከመው መጋጠሚያ ይገፋዋል። ጓርኒሲዮኑን ብቻ ለውጠን ብንለቀው ኖሮ አዲሱም ባልቆየ ነበር። ዛሬ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም አለ፤ ከፓውደሩም ይፈጥናል። ነገር ግን እርሱም የሚያሳየው ዘይቱ የወጣበትን ስፍራ እንጂ የገፋውን ምክንያት አይደለም።

ባለታክሲው ሁሉን ቆሞ ካየ በኋላ «ታዲያ የፊተኛው ሥራ ስለ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀ። ለሁለተኛው ሥራ ገንዘብ አልተጠየቀም፤ የፊተኛው ግን አልተመለሰለትም። እኔም ወጣት ነበርሁና ዝም አልሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፦ ካምቢዮ ከማውረዳችን በፊት፣ ከታጠበ በኋላ በመጀመሪያ እርጥበት የታየበት ስፍራ በሥራ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ባለመኪናውም ስፍራውን በዐይኑ አይቶ ይፈርም።

ያን ዕለት ያወለቅነው ፓራውሊ ይኸው በእጄ ነው። ከንፈሩን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ከእጅ ወደ እጅ አስተላልፉት፤ ስናወጣው እንዲሁ ጤነኛ ነበር፤ ያየው ግን አልነበረም።