ስልካችን ሲበላሽ ምን ዓይነት ቀፎ እንግዛ?

 

የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን «ይኼ ደግሞ የኢማም ጉዳይ ነው እንዴ?» ሳያሰኛችሁ አይቀርም። የምንነጋገረው ስለ ስልክ ቀፎ ነው። ከሰላት በኋላ በር ላይ ጠብቀው ከሚጠይቁን ሰዎች መካከል ከስልክ ግዢ ጋር የተያያዘ ችግር ይዘው የሚመጡት እየበዙ ነው። ጥያቄው ሲጀምር የገበያ ይመስላል፤ ሲጎረጎር ግን የሐላልና የሐራም፣ የአማናና የሰው ሐቅ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ያጋጠመንን ነገር መነሻ አድርገን እናውጋ።

በመስጊዳችን አቅራቢያ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ሴት ልጃቸው ጅዳ ትሠራለች። ጁሙዓ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ በዋትስአፕ እየደወለች ፊቷን ታሳያቸዋለች። እሳቸውም ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ያቺን ሰዓት ነው የሚጠብቁት። ታዲያ አንድ ቀን ስልካቸው ከቀሚሳቸው ኪስ ሾልኮ ለዉዱእ በተዘጋጀ የውሃ ባልዲ ውስጥ ገባ። ሩዝ ውስጥ ቀበሩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ አልሆነም። እያለቀሱ መጥተው «ሸኽዬ፣ ቁጥሬም ጠፋ፣ የሞላሁት ካርድም ጠፋ፣ ቴሌብር ላይ ያለችኝም ብር ጠፋች» አሉን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካርድ እየሞላን በቅድመ ክፍያ የምንጠቀም ሰዎች ሒሳባችን ያለው በቁጥራችን ላይ ነው እንጂ በቀፎው ውስጥ አይደለም። ሲም ካርዱን አውጥተን ሌላ ቀፎ ውስጥ ብናስገባው ቀሪ ሒሳቡም ፓኬጁም እንዳለ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብርም እንዲሁ ከቁጥራችንና ከምስጢር ቁጥራችን ጋር እንጂ ከቀፎው ጋር የተሳሰረ አይደለም። በ*127# በኩል ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ እንኳ ይሠራል። ስልኩ የተበላሸ ሳይሆን የተሰረቀ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ቀፎ ፍለጋ ከመውጣት በፊት ለድርጅቱ ደውሎ (ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው) ቁጥሩን ማዘጋት፣ ከዚያም መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ማውጣት ይቀድማል። በዚህ መሐል ደውሎ «የተላከልህን ኮድ ንገረኝ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የቴሌ ሠራተኛ ነኝ ቢልም የባንክ ነኝ ቢልም፣ አትንገሩት።

እናታችን ይህን ሲሰሙ ትንሽ ተረጋጉ። ችግራቸው የቀፎ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው መፍትሔ ከአሜሪካ መጣ። አንድ የወንድማቸው ልጅ እዚያ ሱቅ ውስጥ በጣም በርካሽ ያገኘውን አዲስ ስማርት ስልክ ከነካርቶኑ በመንገደኛ ላከላቸው። ሲሙ ሲገባ ስልኩ የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች!

ወገኖቻችን በባዕድ ሀገር ሆነው ላባቸውን አፍስሰው የሚልኩት ነገር እንዲህ ሆኖ ሲቀር ያሳዝናል። ስለዚህ በውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን ይህን ልብ በሉ። በአሜሪካ የቅድመ ክፍያ ድርጅቶች ቀፎውን ከዋጋው በታች የሚሸጡት ደንበኛው በእነሱ መስመር እየከፈለ እንዲቆይላቸው ነው። ስለዚህም ቀፎው ለሌላ ድርጅት ሲም እንዳይሠራ ተቆልፎ ይወጣል። የዚያ ሀገር ዋና ዋና ድርጅቶች በተስማሙበት ደንብ የቅድመ ክፍያ ቀፎ ሥራ ከጀመረ በኋላ ቢዘገይ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የአጠቃቀምና የክፍያ ግዴታውን ላሟላ ደንበኛ ይከፈትለታል። «ሥራ ከጀመረ በኋላ» የምትለዋን ቃል ያዙልን። ከሱቅ ተገዝቶ በቀጥታ ሻንጣ ውስጥ የገባ ስልክ አንድም ቀን በዚያ መስመር አልሠራም፤ ዓመት ቢቀመጥም ጊዜው አልተቆጠረለትም። ስለዚህ ወይ ከመጀመሪያው ያልተቆለፈውን፣ በዋጋ ከፍ ቢልም፣ መግዛት ነው፤ ወይ እዚያው ተጠቅሞበት አስከፍቶ መላክ ነው። ሌላም አለ። በሀገራችን 3ጂ በዋናነት በ2100፣ 4ጂ ደግሞ በ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይሠራል። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ርካሽ ቀፎዎች የእኛን ሞገድ አይዙም። ካርቶኑ ላይ «ባንድ 3» የሚል መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

እናታችን ተስፋ ቆርጠው ለጎረቤት ልጅ ብር ሰጡትና ከመንገድ ዳር ያገለገለ ስልክ ገዛላቸው። ካርቶን የለው፣ ደረሰኝ የለው፤ ዋጋው ግን ከሱቁ ሲሶ አይሆንም። ጁሙዓ ሲደርስ ልጃቸው ደወለች፣ ተያዩ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ማታ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ሲነካካ የማያውቋቸው ሰዎች ፎቶ አገኘ። አንዲት ወጣት ከአባቷ ጋር፣ ከዚያ አባትየው ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ከዚያ የለቅሶ ድንኳን።

እናታችን ሌሊቱን አልተኙም። በሱብሒ ሰዓት ስልኩን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡና «ሸኽዬ፣ እኔ በገንዘቤ ነው የገዛሁት። የኔ ነው ወይስ የሷ?» ብለው ጠየቁን።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ከበደን። መልሱ ጠፍቶን አልነበረም። የጁሙዓዋን ሰዓት እያሰብን ነው። ነገር ግን የተሰረቀ ዕቃ በመሸጡ ብቻ የሌባውም የገዢውም ንብረት አይሆንም። ባለቤቱ ከታወቀ ዕቃው የእሱ ነው፤ ገዢው ገንዘቡን መጠየቅ ያለበት ከሸጠለት ሰው ነው። ባለቤቱ ካልታወቀ ለፖሊስ ይሰጣል እንጂ «እኔ አልሰረቅሁም» ተብሎ አይያዝም። ይህንኑ ነገርናቸው። ከተመዘገቡት ስሞች መካከል «እማዬ» የሚል አገኘንና ደወልን። ወጣቷ ከእናቷ ጋር መጣች። የኮሌጅ ተማሪ ናት። ስለ ስልኩ ብዙም አላለችም፤ የአባቷን ፎቶ ከፍታ እያየች ቆማ ቀረች። የጎረቤት ልጅ ሻጩን ሊፈልግ ወደዚያው መንገድ ዳር ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ነበር፤ አላገኘውም።

ታዲያ ያገለገለ ስልክ አንግዛ ማለታችን ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ ስለወረደ፣ ቀፎውም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ አዲስ ስልክ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ሆኗል። ያገለገለ ስልክ ስንገዛ ግን ቢያንስ በቀን፣ ቋሚ ሱቅ ካለው ሰው፣ በደረሰኝ እንግዛ። *#06# ስንደውል ስክሪኑ ላይ 15 አኃዝ ያለው የቀፎው መለያ ቁጥር ይመጣል፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፤ ደረሰኙም ላይ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ብሩን ከመክፈላችን በፊት ሻጩ ስልኩን እፊታችን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምረው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡት አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንቱን ሳያወጣ ስልኩ በግድ ከተደመሰሰ ያንኑ አካውንት ይጠይቃል። አይፎንም የራሱ ተመሳሳይ ቁልፍ አለው። ሻጩ «ኋላ እናስከፍትልሃለን» ካለ ትታችሁ ሂዱ። ባለቤት በገዛ ንብረቱ በር ላይ ቁልፍ አያጣም።

አንዳንድ ጥገና ቤቶች ደግሞ 16 ጊጋ የሆነውን ስልክ 128 ብሎ እንዲያሳይ አድርገው ይሸጣሉ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማየት አይበቃም፤ ትልልቅ ፊልሞች ገልብጦ መሙላቱን መሞከር ነው። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ተሸውደናል፤ የደርስ ቅጂዎቻችን ግማሹ የማይከፈት ሆኖ ቀረ። በራሳችሁ ሲም ደውሉበት፣ ቻርጀር ሰኩበት፣ ሲግል ተመልከቱት፣ የስክሪኑን ጠርዝ በሙሉ በጣታችሁ ዳስሱት።

በጀመዓችን ውስጥ በዚህ ንግድ የተሰማራችሁ ወንድሞችም አላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከውስጥ እርጥበት ያገኙበትን፣ ሻጩንም ገዢ እንዲያየው ወደ ላይ ለምን እንዳላደረገው የወቀሱበትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተቀየረ ስክሪን፣ የደከመ ባትሪ፣ ውሃ ገብቶበት የደረቀ ሰሌዳ የዘመናችን እርጥብ እህል ነው።

ስለ ምርጫው ደግሞ፣ ለማን እንደሚገዛ አስቀድሞ መለየት ጥሩ ነው። ለመደወልና ብር ለመቀበል ብቻ ለሚፈልጉት አባት ቁልፍ ያለው ስልክ ይበቃቸዋል፤ ባትሪውም ቀናት ይቆያል። (በሰላት መሐል ሲጮህ የሚያጠፉበትን ቁልፍ ብቻ አደራ አሳዩአቸው።) ለቪዲዮ የሚፈለግ ከሆነ ግን በጣም ያረጀ ስልክ በርካሽ መግዛት ኪሳራ ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 መጨረሻ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆኑ ስልኮች መሥራት አቁሟል፤ ወደፊትም ወሰኑን ከፍ ማድረጉ አይቀርም። የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ስልክ ላይ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥም በር ሳይዘጉ እንደመተኛት ነው። ሦስት ካሜራ አለው ተብሎ ከመግዛት ይልቅ ቢያንስ 3 ጊጋ ራም ያለው፣ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ 4ጂው በቤታችሁ አካባቢ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳፋሪኮምም ስለገባ ሁለት ሲም መያዙ ይጠቅማል።

በዱቤ መግዛትስ? የእጅ በእጅና የዱቤ ዋጋው ቢለያይም፣ ከመለያየታችሁ በፊት በአንዱ ዋጋ ከተስማማችሁና ያ ዋጋ የማይለወጥ ከሆነ አብዛኞቹ ዑለሞች ፈቅደውታል። ክፍያው ሲዘገይ የሚጨመር ቅጣት ካለ ግን ወደ ሪባ ይገባልና ውሉን አንብቡ። የካርድ ብድርን በተመለከተ የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ዝግጅት ስለሚፈልግ ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ።

አሮጌውን ስልክ ስትሸጡ ወይም ለሰው ስትሰጡም አካውንታችሁን አውጡ፣ የሚስቶቻችሁንና የልጆቻችሁን ፎቶ ደምስሱ፣ ሲሙንና ሚሞሪውን አውጡ። ማብራት ያቃተው ስልክ እንኳ ፎቶው ውስጡ ስላለ እንዲሁ አይጣልም።

እናታችንን አልረሳናቸውም። ከሰጋጆቻችን አንዱ የሆነ ባለሱቅ ወጣት ያልተቆለፈ፣ ካርቶንና ዋስትና ያለው አዲስ ስልክ በሁለት ወር ክፍያ፣ በተቆረጠ ዋጋ ሸጠላቸው። ሁለት ጁሙዓ አልፏቸው ነበር። በሦስተኛው ልጃቸው ስትደውል እኛም ለሌላ ጉዳይ እዚያው ግቢ ነበርን። ልጅቷ ስለ ተመለሰው ስልክ ሰምታ ኖሮ፣ ገና ሰላምታ ሳትጨርስ «ይኼኛውስ የማን ነው?» አለቻቸው።

«የኔ ነው» አሏት፤ «ደረሰኝ አለው።»

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።