ካርድ ከመላክ ጎን ለጎን



ፌርፋክስ ጎዳናችን «ሊትል ኢትዮጵያ» በተባለበት በ2002 እ.ኤ.አ. ለእናቴ የምደውለው በጥሪ ካርድ ነበር፤ ሰላምታ ሳንጨርስ ደቂቃው ያልቅብናል። ዛሬ ፊቷን እያየሁ አወራታለሁ።

ለዚህ የዋጋው መቀነስ ትልቅ ድርሻ አለው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ቀነሰ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ሁለተኛ አማራጭ ሆኖ መጣ። ዋጋው ሲረክስ ተጠቃሚው ይበዛል፤ በአንድ ማማ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ማታ ማታ ሲከፍት ፍጥነቱን ይካፈለዋል።

አምና የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የላክልኝ ፓኬጅ መጽሐፍ ሳወርድ አለቀ» አለችኝ። ጨመርኩላት። ቆይቼ ሳስበው ግን ያንኑ መጽሐፍ የክፍል ጓደኞቿም እያንዳንዳቸው ያወርዱታል፤ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ደግሞ ጭራሽ አያገኘውም።

ስለዚህ በየግላችን ካርድ ከመላክ ጎን ለጎን፣ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ አነስተኛ ሰርቨርና ዋይፋይ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ሶላር ጭምር እንግዛ። መጽሐፉ አንዴ ይወርዳል፤ ተማሪው ሁሉ ያለ ፓኬጅ ያነበዋል።

መዋጮውን እኔ እጀምራለሁ፤ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ቃል እንግባ።