ያጠራቀምነው ውሃ፦ አዲስ ሮቶ ለተከላችሁ ቤተሰቦች
(በሠፈር ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሃ ነው። «ስለ ውሃማ ምን የማናውቀው አለ? ከልጅነታችን ጀምሮ በጀርባችን ስንሸከመው የኖርነው አይደለም ወይ?» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። እውነቱን ነው። ስለ መሸከሙ ማንም አያስተምረንም። ነገር ግን ውሃን ቀድቶ ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ አጠራቅሞ ማቆየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

እናቶቻችን በእንስራ የቀዱት ውሃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልቅ ነበር። ዛሬ ግን ቧንቧው አንድ ቀን መጥቶ ብዙ ቀን ስለሚጠፋ፣ አቅም ያገኘ ሁሉ በርሜል ወይም ሮቶ ገዝቶ ያጠራቅማል። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነት ተይዛ መብራቱም ውሃውም በጠፋበት ጊዜ የተጠራቀመ ውሃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ሮቶ መትከላችሁ ደግ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ አንድ ቦታ ሲቆም አመል ያወጣል። ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የገባው ውሃ ከእኛው ቤት ሊበላሽ ይችላል። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ለምን ይበላሻል? በቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ለውሃው እንደ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ግን ለዘላለም አይቆምም። ፀሐይ ያሳሳዋል፤ ቀን በቆየ ቁጥር ይተናል፤ በሮቶው ግርጌ የተኛው ዝቃጭና በግድግዳው ላይ የተጋገረው ዝልግልግ ነገር ደግሞ ይጨርሰዋል። ዘበኛው ከሄደ በኋላ የቆሸሸ እጅ ወይም የቆሸሸ ጣሳ ቢገባበት፣ ውሃውን የሚጠብቅለት የለም።

ችግሩ ይህን በዓይን አለማየታችን ነው። የደፈረሰ ውሃ ራሱን ያስታውቃል፤ የጠራ ውሃ ግን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ በአንድ ሠፈር ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱትን ቤት ለቤት እየዞረ ሲጠይቅ፣ አብዛኞቹ ከአንድ የእጅ ፓምፕ የሚጠጡ ሆነው አገኛቸው። ከሠፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት አሮጊት እንኳ የዚያን ፓምፕ ውሃ ጣዕም ስለምትወደው እያስመጣች ትጠጣ ነበርና፣ እሷም በዚያው በሽታ ሞተች። ውሃው ጣፋጭ ነበር እንጂ መራራ አልነበረም! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶቻችን ይህንንም ጨምሮ ነው።

የሩቁን ትተን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ በክልላችን፣ በቋራ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። እኛም እንግዳ የሚበዛበት ከተማ ነዋሪዎች ነን። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የመጣውን ምእመን እግሩን አጥበን፣ ውሃ አጠጥተን እናሳርፋለን። ያ እንግዳ የሚጠጣው ከእኛ ሮቶና ከእኛ ጀሪካን ነው። ስለዚህ የጓዳችን ውሃ ነገር የራሳችን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ አተካከሉ። 1,000 ሊትር ውሃ 10 ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ መቆሚያው በደንብ የተገነባና የተስተካከለ ይሁን። ጥላ ያለበት ቦታ ይመረጥ። ብርሃን ከገባ በውስጡ አረንጓዴ ነገር ይበቅላልና ጥቁር ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ሮቶ ይሻላል። ክዳኑ ይገጠም፤ የአየር መግቢያው በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። የመጠጡ ቧንቧ ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ይውጣ፤ ዝቃጭ ማስወገጃው ደግሞ ከታች ይሁን። ከቧንቧው ሥር ጭቃ እንዳይፈጠርም ቦይ እናውጣ። በከተማችን ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የፈለፈሉት አባቶች የዝናቡ ውሃ መውረጃ አብረው ፈልፍለዋል። ውሃ መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም እንደሚያስፈልገው ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ የለንም።

ሁለተኛ፤ አዲሱን ሮቶ ሳያጥቡ አለመጠጣት። «አዲስ ነው እኮ» አይባልም፤ ከፋብሪካ እስከ ላስታ አቧራ ሲጠጣ የመጣ ዕቃ ነው። በመጀመሪያ በሳሙናና በረጅም ብሩሽ ይታጠብና ይለቅለቅ። ከዚያም ውሃ ተሞልቶ፣ ሽታ ማሳመሪያ ያልገባበት 5 ከመቶ የሆነ በረኪና ለየ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር ይጨመርበት። ቧንቧውን ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ በረኪናው እስኪሸት ድረስ ማስኬድና መዝጋት ነው። እንዲህ ሆኖ አንድ ሌሊት ይደር። በነጋታው ውሃው ሙሉ በሙሉ ይደፋ፤ ለሰውም ለከብትም አይሰጥ፤ ጓሮ አትክልት ላይም አይፍሰስ። ሮቶው ከተለቀለቀ በኋላ የመጠጡ ውሃ ይሞላል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው፤ ልጅንም ሮቶ ውስጥ አስገብቶ ማሳጠብ ክልክል ነው።

ይህ እጥበት አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚረሳ አይደለም። ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ከክረምቱ በፊትና ከገና በፊት ቢሆን ለእኛ አገር ይስማማል።

ሦስተኛ፤ የጣሪያ ውሃ። 30 ካሬ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ እስከ 300 ሊትር ይሰጣል። ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን በጋውን ሙሉ የተኛው አቧራ፣ የርግቡ ኩስና ቅጠሉ ሁሉ የሚወርደው በመጀመሪያው ዝናብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሃ ውጭ ይፍሰስ፤ አሸንዳው ታጥቦ ጥርት ያለው ሲመጣ ወደ ሮቶው ይዙር። ያም ቢሆን ሳይታከም አይጠጣም።

አራተኛ፤ ጀሪካንና መቅጃ። ናፍጣ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን መቼም ቢሆን የውሃ ዕቃ አይሆንም፤ ቢታጠብም አይለቅም። ደህናውን ጀሪካን ጠጠርና ሳሙና ጨምሮ መናጥ ግርጌውን ያጸዳዋል። ከበርሜል ጣሳ እየነከሩ መጠጣት ግን የሠፈሩን እጅ ሁሉ መጠጣት ማለት ነው! እየቀዱ ከማጥለቅ እየደፉ መቅዳት፣ ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ መጠቀም ይሻላል።

አምስተኛ፤ የመጠጡን ውሃ ማከም። የደፈረሰውን ውሃ አስቀድሞ ማስጠለልና በንጹሕ ነጠላ አጥፎ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ድፍርሱ ክሎሪኑን ይበላዋልና። ከዚያ ውሃ አጋርን የመሰለውን የውሃ ማከሚያ፣ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ማከሚያ ከሌለ ማፍላት ይቻላል። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ልብ ይበል፤ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፈላ ብሎ ወዲያው ማውረድ ሳይሆን፣ እየተንተከተከ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ላጠረው ደግሞ ፀሐይ አለችለት፤ የጠራ ውሃን ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ከ2 ሊትር ሳይበልጥ አጋድሞ፣ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ማስመታት ነው። ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሕፃን ተቅማጥ ቢይዘው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብለን አንቀመጥ። ሕፃንን ቶሎ የሚገድለው የውሃ መድረቅ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በታከመ ውሃ በጥብጦ እየሰጡ፣ ጡት የሚጠባም ከሆነ ጡቱን ሳያስጥሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ወገኖቻችን፤ ሮቶ የገዛ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። ሮቶውን ማጠብ ግን የሚጠይቀው አንድ ሊትር በረኪናና የግማሽ ቀን ጉልበት ነው። አቅም ላነሳቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶች ይህን ጉልበት ወጣቶቻችን ሊያበድሩ ይገባል። ብሩሹንም ከቤት ቤት እየተዋዋስን እንሥራበት። ቦይ ማውጣቱን ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርተን በደቦ ብናደርገው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል።