የወንዝ ዕውቀትና የዝንብ መንጠቆ፤ ከዌብ እስከ ዋቤ



አታት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሆስፒታሉ ነው። በዚያ አገር የሚያልፍ መንገደኛ ግን ዓይኑን ቢያነሣ እንሰቱን፣ ክብ የሣር ክዳን ቤቶቹንና ከሁሉም በላይ ጀፎረውን ያያል። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይስተናገድበታል፤ አጥሩን ወደ መንገዱ የሚገፋ ሰው ግን በሽማግሌ ፊት ይጠየቃል። ያለ መሐንዲስ ተቀይሶ፣ ያለ ማዘጋጃ ቤት ተጠብቆ ለብዙ ትውልድ የቆየ የጋራ ሀብት ነው። መንገድ በመቀየስ ለሚተዳደር ባለሙያ ከዚህ የበለጠ የሚያስቀና ሥራ አይገኝም።

ጀፎረው እንዲህ ሲጠበቅ ወንዙ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። የአታት ዙሪያ ጅረቶች ወርደው ወርደው ውሃቸውን ለጊቤ ይገብራሉ። በዋቤም ሆነ በሌሎቹ የጊቤ ተፋሰስ ወንዞች ቢልጫና አምባዛ ይኖራሉ። (ዋቤ ሲባል የጉራጌው ወንዝ እንጂ ዋቢ ሸበሌ አለመሆኑን ልብ ይሏል።) ነገር ግን ቆጮ፣ ሥጋና ቅቤ በሚነግሡበት ማዕድ ዓሣ ብዙ ቦታ የለውም፤ በመሆኑም የወንዙ ዓሣ ጉዳይ ለሽማግሌ የሚቀርብ ጉዳይ ሳይሆን የእረኛና የጎረምሳ ጨዋታ ሆኖ ቀርቷል። ዋቤ ውስጥ ምን እንዳለ፣ መቼ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚራባ የሚያውቅ ሰው የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ግን የሚያውቀውን የጠየቀው የለም፣ የጻፈለትም የለም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው። ወደ እርሱ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ወደ ባሌ ተራሮች መውጣት ያስፈልጋል፤ በአገራችን ወንዞች በመዝናናት ብቻ ሳይሆን በጥበብ ማጥመድ የተሞከረው በዚያ ነውና።

በዲንሾ አካባቢ፣ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ውስጥ የኢትዮጵያ ተወላጅ ያልሆነ ዓሣ ይኖራል። ትራውት ይባላል። ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ቡናማው ትራውት የአውሮፓ ተወላጅ ነው፤ ቀስተ ደመና የሚባለው ደግሞ ፓስፊክ ውቅያኖስን ከሚያዋስኑት የሰሜን አሜሪካ ወንዞች የመጣ ነው። ወደ ባሌ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ ሲሆን፣ ወደ ኬንያም ቡናማውን ትራውት ያመጡት እ.ኤ.አ. በ1905 የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ነበሩ። ትራውት ብርድ ወዳድ ነው፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ይታወካል፣ እንቁላሉንም የሚጥለው ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ውስጥ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ዲንሾ የተስማማው በዚህ ምክንያት ነው። የጊቤ ሸለቆ ውሃ ደግሞ በዚሁ ምክንያት አይስማማውም።

ትራውት የሚጠመድበት ስመ ጥሩ ዘዴ የዝንብ ማጥመድ ነው፤ ለመሐንዲስም ሊያብራሩት የሚያስደስት ነው። በተለመደው አጠማመድ ክብደቱ ያለው በመንጠቆው ጫፍ ላይ ባለው እርሳስ ወይም ማጥመጃ ላይ ነው፤ ድንጋይ እንደሚወረወር ይወረወራል፣ ክሩም ይከተላል። በዝንብ ማጥመድ ግን መንጠቆው በላባና በክር የተጠቀለለ፣ ትንፋሽ የሚያንሳፍፈው ነገር ስለሆነ ሊወረወር አይችልም። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ክሩ ተዛውሯል። 5 ቁጥር የሚባለው የተለመደ ክር የመጀመሪያው 9 ሜትሩ 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሄድ ክሩ በአየር ላይ ይዘረጋል፤ ክብደቱም ዘንጉን እንደ ደጋን ይለምጠዋል። ዘንጉ ወደ ፊት ተነድቶ ድንገት ሲቆም በክሩ ላይ ጠባብ ቅስት ይፈጠራል፤ ቅስቱ ወደ ፊት እየተፈታ ይሄዳል። የክሩ ጫፍ እየቀጠነ የሚሠራው የቀረው ጉልበት ሳይባክን ወደ ቀጭኑ ክር ተላልፎ ዝንቡን በእርጋታ ውሃው ላይ እንዲያሳርፍ ነው። ጅራፍ የሚያጮህ እረኛ ይህን ሁሉ በክንዱ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እረኛው ጩኸቱን ሲፈልግ አጥማጁ ጸጥታውን መፈለጉ ነው።

ክንድ ብቻውን ግን ዓሣ አይዝም። ዓሣ ፊቱን ወደ ላይኛው ወራጅ ውሃ አድርጎ ይቆማል፤ ምግቡ ከዚያ ይመጣለታል። ድንጋይ ወራጁን በሚከፍልበት ቦታ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኙበት ስፌት ላይ፣ ጉልበት ሳያባክን ብዙ ምግብ የሚያገኝበትን ነጥብ ይመርጣል። ይህ ማንም የውሃ መሐንዲስ በቦይ ላይ ያየው የፍጥነት ልዩነት ነው። ውጭውን ዓለም የሚያየውም ብርሃን ወደ ውሃ ሲገባ ስለሚሰበር ከራሱ በላይ ባለ 97 ዲግሪ ገደማ ስፋት ባለው ክብ መስኮት በኩል ነው፤ ከዚያ መስኮት ውጭ ያለው የውሃ ገጽ ለእርሱ እንደ መስተዋት ነው። ጎንበስ ብሎ ከበስተኋላው የሚቀርብ ሰው የሚጠጋውን ያህል፣ በዳሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው አይጠጋም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዕውቀት ከመጽሐፍ የማይገኝ፣ የአንድ ወንዝ ብቻ የሆነ ዕውቀት ነው። በዚህ ወር፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ድንጋይ ሥር የትኛው ዝንብ ከእጭነት ወጥቶ ይበርራል? ዓሣው እየበላ ያለው ላይ የሚንሳፈፈውን ነው ወይስ ከሥር የሚዋኘውን? ውሃው ስንት ጣት ሲጎድል ይጠራል? አንድ ሰው ብቻውን ይህን ለማወቅ ዕድሜው አይበቃም። የዝንብ ማጥመድ ታሪክም በአብዛኛው የማስታወሻ ልውውጥ ታሪክ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ገደማ፣ መቄዶናውያን በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ፀጉር ጠቅልለው ሁለት የዶሮ ላባ እየሰኩ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። በጉና ዶሮው በማንኛውም የጉራጌ ደጅ ይገኛሉ፤ የጎደለው የሚጽፈው ሰው ነው።

በእንግሊዝ አገር ፍሬደሪክ ሃልፎርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወንዝ ነፍሳትን ሰብስቦ፣ ለየብቻ ለይቶ አርአያቸውን በመንጠቆ ላይ እያሰረ አሳተመ፤ የሚንሳፈፍ ዝንብም ብቸኛው ተገቢ መንገድ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ስኪውስ የተባለ የሕግ ባለሙያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚበላው ከውሃው ሥር መሆኑን ተከራከረ። ማስረጃውን ያገኘው ከክርክር አልነበረም፤ የያዘው ዓሣ የበላውን በማንኪያ እያወጣ በሳህን ላይ በውሃ እየዘረጋ ይመለከት ነበር። ጠቡ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚያውቁትን ስላልደበቁ ከሁለቱም በኋላ የመጣው አጥማጅ አተረፈ።

ወደ አገራችን ወንዞች ስንመለስ ከእጅ ወደ እጅ በነጻ የሚተላለፍ አንድ ዕውቀት አለ፤ ያውም ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ዱቄቱ ወደ ኩሬ ሲበተን ዓሣ ሰክሮ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ነገር ሰውነት በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ዓሣው የሚታፈነው በአየር መካከል እንዳለ ሰው ነው። የጎረምሳው ድርሻ ሦስት አራት ትልልቅ ዓሣ ነው። የወንዙ ድርሻ ግን ጫጩቶቹ ሁሉ፣ ከድንጋይ ሥር ያሉት እጮች ሁሉ፣ የሚቀጥለው ዓመት ምግብ ሁሉ ነው። ክፋት አለበት ማለት አይቻልም፤ ከአባት የተማሩት አንድ ዘዴ ይህ ከሆነ ይህንኑ ይሠሩበታል። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ አዋጅ ግን ማንም ዘበኛ በማይደርስበት ገደል ሥር ያለ ኩሬን ሊጠብቅ አይችልም። ገደሉ ሥር የሚደርሱት እነዚያው ልጆች ብቻ ናቸው።

ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጣና አለ። የጣና ትልልቅ ነጭ ዓሦች የቢልጫ ዘመዶች ናቸው፤ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጁ ይህን የጉዞ ወቅት ስለሚያውቅ መረቡን በወንዙ አፍ ይዘረጋል፤ ወደ ላይ ባለው ወንዝም ብርብራ ይጠብቃቸዋል። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል የተደረገው ንጽጽር የእነዚህ ዓሦች መጠን 75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ ዓሣው መቼና የት እንደሚያልፍ የሚናገር አንድ ዓይነት ዕውቀት በተናጠል ሲያዝ ማጥፊያ፣ በጋራ ሲያዝ ደግሞ መጠበቂያ መሆን መቻሉ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ ነው። በዚያ አገር የዝንብ አጥማጆች ለረጅም ጊዜ የሚያሳድዱት ከውጭ የገባውን ትራውት ነበር፤ በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች ያለው የአገሩ ተወላጅ ቢጫ ዓሣ ግን እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር። ቢጫው ዓሣ ከእኛ ቢልጫ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ሳይንሱ ሁለቱንም ላቤዮባርበስ በሚባል አንድ ስም ይጠራቸዋል። ቀስ በቀስ አንዳንድ አጥማጆች በዝንብ ሞከሩት፤ ጠንካራ ተጋይ ሆኖ አገኙት፤ የትኛው እጭ እንደሚስማማው፣ በየትኛው ፈጣን ውሃ እንደሚቆም እርስ በርስ ተጻጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዝንብ አጥማጆች ፌዴሬሽን በውስጡ ለቢጫው ዓሣ ጥበቃ የሚሠራ ቡድን አቋቋመ። ዓሣውን ይዞ መልሶ መልቀቅ ልማድ ሆነ። ትናንት ያላዩትን ዛሬ የሚጠብቁት ስላወቁት ነው።

አንዳንድ ባልደረቦች ከዘቢዳር ተራራ በሚወርዱ ቀዝቃዛ ጅረቶች ላይ ትራውት ቢለቀቅ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ቱሪስት ያመጣል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ይህ ሐሳብ መወገድ አለበት። ሁለቱም የትራውት ዓይነቶች በዓለም ላይ ተወላጅ ፍጥረታትን በማጥፋት ከታወቁት 100 ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ከዘቢዳር በምሥራቅ የሚወርደው ውሃ በመቂ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ በምዕራብ ያለው ወደ ጊቤ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ የተለቀቀ ዓሣ ደግሞ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። ከባሌ መወሰድ ያለበት ዓሣው ሳይሆን ዘንጉ፣ ላባውና ማስታወሻው ነው። ቢልጫ በዝንብ ይያዛል።

መሐንዲስ በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ገብቶበታል። የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ወደ ላይ የሚጓዝ ዓሣ አያሻግርም። ከግድቡ በላይ ያሉት የቢልጫ መንጋዎች ከእንግዲህ የሚራቡት በዋቤና በመሰሎቹ ገባሮች ጠጠር ላይ ነው። በወንዙ ዳር አሸዋና ጠጠር የሚያስጭነው፣ ድልድይ ሲሠራ ውሃውን የሚቀይሰው፣ የመስኖ ጠለፋ የሚነድፈው ይህ ሙያ ነው። አንድ ጠጠር ሜዳ በነሐሴ የዓሣ መጣያ፣ በጥር ደግሞ የኮንክሪት ግብዓት መሆኑን የሚያውቅ ተቋራጭ በየትኛው ወር እንደሚቆፍር ሊመርጥ ይችላል። የማያውቀው ግን ምርጫ የለውም።

በወልቂጤ አጠገብ በዋቤ ላይ የውሃ መለኪያ ጣቢያ አለ። የውሃው ከፍታ ተነብቦ ይመዘገባል፤ ቁጥሩም ለድልድይና ለግድብ ስሌት ይውላል። መለኪያን የሚያነብ ሰው ዘወትር ወንዙ ዳር የሚቆም ሰው ነው። ውሃው የደፈረሰበትን ቀን፣ ዓሣ ሲዘል የታየበትን ምሽት፣ ብርብራ የተበተነበትን ኩሬ ከማንም በፊት ያያል። ከፍታውን ብቻ ስለሚጠየቅ ከፍታውን ብቻ ይጽፋል። በሚቀጥለው ክረምት ወደዚያ የሚሄድ አንድ የማኅበሩ አባል አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ይዞ ቢሄድ፣ ለመለኪያ አንባቢው ደብተሩን፣ ለእረኞቹ ደግሞ መንጠቆና የአውራ ዶሮ ላባ ቢያካፍል፣ ወጪው ከአንድ ቀን ውሎ አበል አይበልጥም። መጀመሪያ የሚጠየቁት ልጆቹ ይሁኑ። ብርብራ የትኛው ኩሬ ላይ እንደሚሠራ የሚያውቅ ልጅ ትልቁ ዓሣ የትኛው ኩሬ ውስጥ እንደሚኖርም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የጆካ ሽማግሌዎች ፊት ሊቀርብ ይችላል፤ ስለ ጀፎረ የተሠራውን ዓይነት ደንብ ስለ አንድ ኩሬ ለማውጣት ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት በኩሬው ውስጥ ምን እንዳለ ነው፤ ደብተሩም በዚያን ጊዜ ይገለጣል።