ዳሌውን ስለሚያመው ወገናችን
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በየአጥቢያው ስንዞር «ቁርጥማት ነው፣ እርጅና ነው» ተብለው ከቤት መውጣት የተዉ እናቶችና አባቶች እናገኛለን። ከእነዚህ መካከል የዳሌ አንጓቸውን የሚያማቸው ብዙ ናቸው። ይህ ሕመም አሳሳች ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በብሽሽት ነው፤ አንዳንዴም ጉልበት ላይ ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ጉልበቱን ሲያሽ የሚውል ሰው የታመመው ዳሌው ሊሆን ይችላል።

በአንድ እግር ስንቆም በዳሌ አንጓ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከሰውነታችን ክብደት ከ2 እጥፍ በላይ ነው። ጀርባ ላይ ጀሪካን ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት። ምርኩዝ ይህን ጭነት ያቃልላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚይዘው በሚያመው በኩል ነው። ትክክሉ በተቃራኒው እጅ ነው። ግራ ዳሌውን የሚያመው በቀኝ እጁ ይያዝ፤ ከታመመውም እግር ጋር አብሮ ያሳርፈው። ቁመቱም እጅን ቁልቁል ለቆ ለቆመ ሰው እስከ እጅ አንጓው ይድረስ።

ፈጽሞ መተኛት አይበጅም፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ አንጓውም ይደርቃል። ምሰሶ ይዞ ቆሞ የታመመውን እግር ሳያጥፉ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ማንሣትና መመለስ፣ በጀርባ ተኝቶ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ፣ ከፍ ካለ ወንበር ብድግ ቁጭ ማለት፤ እያንዳንዱን 10 ጊዜ ያህል። ጥቂት ቢያምም አያስደንግጥ፤ ሕመሙ እስከ ማግስቱ ከቆየ ግን መቀነስ ነው። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም።

በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማሳረፍ ያስታግሣል። ዝንጅብልና እርድስ? በወጥና በሻይ መልካም ናቸው፤ በጥናት የታየው ጥቅማቸው ግን ትንሽ ነው፤ ያውም ይበልጡን በጉልበት ሕመም ላይ የተጠና ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛቸው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ያለ ማዘዣ የሚገዛው ክኒን ነው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ሕመሙን ቶሎ ያበርዳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን የጭን አጥንቱ ራስ ደም አጥቶ እንዲሞት ሊያደርጉ ይችላሉ። ለብዙ ሳምንታት ሲወስድ የቆየም በድንገት አያቋርጥ፤ ሐኪም እያየው ይቀንስ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ መጸዳጃ ስታሠሩ በስተጎኑ ጠንካራ መያዣ እንጨት ትከሉ፤ ቁጢጥ ማለት ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉ የከፋው ነውና። በየቤቱም ዝቅተኛው በርጩማ በከፍተኛ ወንበር ይለወጥ። መንበርከክ ያቃታቸው ሽማግሌም ተቀምጠው ቢጸልዩ የሚነቅፋቸው አይኑር።

ወድቆ መቆም ያቃተው፣ እግሩም አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ይሆናልና ወጌሻ ሳይጎትተው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ትኩሳት ይዞት የሚያነክስ ሕፃን ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።