ሁለት ሰዓት ለአረጋውያን

(በአዲሱ ገበያ፣ በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን በሂሳብ ሥራ የምንተዳደር አለን። እኛ ነገር ስንጀምር ከቁጥር እንነሳለን። ደመወዝተኛ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል። 60 ዓመት ሲሞላው የሚጠብቀው ነገር አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ይህን መብት አግኝቷል።

ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው እየወረዱ ልጅ ያሳደጉት እናቶችስ? ጉሊት ቸርችረው፣ ጥጥ ፈትለው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ለሰው እንጀራ ጋግረው ያረጁትስ? ለእነሱ 11 በመቶ ያስገባላቸው የለም። ጡረታቸው ልጅና ጎረቤት ነበር። ልጁ ሞቶ ወይም ዓረብ አገር ሄዶ፣ ጎረቤቱም ሰፈር ሲፈርስ ተበትኖ ብቻቸውን የቀሩ አሉ።

በከተማችን እንዲህ ያሉትን የሚሰበስቡ ቤቶች አሉ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ ሲጀመር ጥቂት ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ይጦሩበታል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪዎችም ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ያጫውታሉ። በክረምትም በየወረዳው የበጎ ፈቃድ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ እናያለን። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

አምና እኛም ሞክረን ነበር። የአረጋውያን ቀን በሚከበርበት በመስከረም ወር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችንን ሰብስበን፣ ዳቦ አስይዘን፣ ወደ አንድ መጠለያ ወሰድናቸው። የቆየነው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያም ብዙው በፎቶ አለቀ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ ዳቦ የያዘችውን ልጅ «ዳቦው ይቆይ ልጄ፤ ቁጭ በይና የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪኝ» አሏት። ስንመለስ ልጅቷ ታክሲ ውስጥ «ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም» ብላ አንገቷን ደፋች። ያፈርነው ግን እኛ ትልልቆቹ ነን።

ከዚያ በኋላ ተመካከርን። አብዛኞቹ አረጋውያን ያሉት በመጠለያ ሳይሆን በየጓሯችን ነው። ስለዚህ በእግር የሚደረስባቸው ስድስት አረጋውያን መርጠን፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት እንዲሄዱ አደረግን። የታክሲ ወጪ የለም። ልጆቹ ውኃ በመጣ ቀን ጀሪካን ይሞላሉ፣ ነጠላ ያጥባሉ፣ ጥፍር ይቆርጣሉ፣ ሩቅ ላለ ልጅ ስልክ ይደውላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ከሴቶቹ ልጆች አንዷ እንዝርት መያዝ ተምራለች፤ አንዱ ወንድ ልጅ ደግሞ አዲሱ ገበያ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ከእኛ የበለጠ ያወራል።

ሁለት ጥፋቶች ግን ፈጽመናል። አንደኛው የገንዘብ ነው። አንድ አባት ልጁን መድኃኒት ላኩትና መልስ ጎደለ ተባለ። ልጁ አልወሰደም፤ እኛ ግን የምናሳየው ማስረጃ አልነበረንም። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ስንሰበስብ የምንውል ሰዎች ለልጆቹ አንድ ደብተር አለመስጠታችን ያሳዝናል። ሁለተኛው ይብሳል። ፈተና ሲደርስ ከአንድ ቤት ሁለቱም ልጆች ሳይናገሩ ቀሩ። እኒያ እናት ሦስት ቅዳሜ ቡና ቆልተው ጠበቁ። በአራተኛው ሄደን ስንጠይቃቸው «ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?» አሉን። ሰው ለምዶ ማጣት መጀመሪያውኑ ካለመልመድ እንደሚከፋ ያን ቀን ገባን።

ስለዚህ ዘንድሮ ደንብ ይኑረን እንላለን። ልጆች ጥንድ ሆነው እንጂ ብቻቸውን አይሄዱም፤ ከእኛ አንዷ ኃላፊ ትሆናለች። ገንዘብ አይነኩም፤ መድኃኒትና ግዢ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ በደረሰኝም ይመዘገባል። የታመመ ማንሳትና ቁስል ማጠብም የልጆች ሥራ አይደለም፤ ለጤና ባለሙያ ይነገራል። ፎቶ የለም። በፈተና ጊዜ አስቀድመው ይናገራሉ፤ እናቶች ተራ ገብተን እንተካለን።

«ልጄ ትምህርቱ ይቅደምለት» የምትሉ እናቶች አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የምንጠይቃችሁ ሁለቱን ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ ከሚያልፈው ጊዜ ብንቀንስ እንኳ ይገኛል። በሆላንድ አገር ደቬንተር በምትባል ከተማ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ተማሪዎችን ያለ ኪራይ ያስቀምጣል፤ እነሱም በምላሹ በወር 30 ሰዓት ለአረጋውያኑ ጥሩ ጎረቤት ይሆናሉ። የእኛ ልጆች በወር የሚሰጡት ስምንት ሰዓት ነው። ጎረቤትነትን ደግሞ ከማንም መዋስ አያስፈልገንም፤ ቡናው፣ ዕድሩ፣ እሳት መጫጫሩ የእኛው ነው። የቸገረን ማስቀጠሉ ነው።

ልጆቻችን ሆይ፣ እናንተንም በግልጽ እንጠይቃለን። መጀመር ግዴታ አይደለም። «እመጣለሁ» ብሎ መቅረት ግን የሰው ልብ ይሰብራል። የምትችሉ ብቻ እጃችሁን አውጡ።

እናቶች ደግሞ ለሳሙናና ለደብተር በወር 10 ብር እንድናዋጣ ለውሳኔ አቅርበናል። ሂሳቡ በየሦስት ወሩ እዚሁ ይነበባል። እኒያ እናት ዘንድሮም ቡና ይቆላሉ፤ በመጪው ቅዳሜ ማን እንደሚሄድ ሳንወስን አንበተን።